የልብ ንቅለ ተከላ የህብረ ሕዋስ ተስማሚነት ምርመራ፦ ተጠባባቂውና ቤተሰቡ እንዴት ይዘጋጁ?

ለልብ ንቅለ ተከላ በተመዘገበ ሕመምተኛ ቤት መጀመሪያ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «እኛ ዘመዶቹ ተመርምረን የምንስማማ ብንገኝስ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከኩላሊት የመጣ ነው። በአዲስ አበባው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ፣ እናት ለልጇ፣ ወንድም ለእኅቱ ሲለግስ ስላየን ተስማሚነትና ዝምድና አንድ መስለውን ቀርተዋል። ልብ ግን ከሕያው ሰው አይወሰድም። ለጋሹ ሕይወቱ ያለፈና ተቀባዩ የማያውቀው ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ልብ ከለጋሹ ደረት ወጥቶ በበረዶ ቅዝቃዜ በደህና የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከተቀባዩ ጋር ከሁሉ ይበልጥ የሚመሳሰለውን ሰው ለማፈላለግ ጊዜ አይገኝም። ልብን ሙቀቱን ጠብቀው ደም እያዘዋወሩ የሚያጓጉዙ መሣሪያዎች በቅርብ ዓመታት ይህን ጊዜ አራዝመውታል፤ ይሁን እንጂ መሠረታዊው አሠራር አልተለወጠም።

ስለዚህ በልብ ንቅለ ተከላ የተስማሚነት ምርመራ የሚያጣራው «ማን ይመስለዋል?» የሚለውን ሳይሆን «የተቀባዩ ሰውነት ከወዲሁ ለመዋጋት የተዘጋጀው ምንን ነው?» የሚለውን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከዘመድ ደም ሳይሆን ከሕመምተኛው የሕይወት ታሪክና ከራሱ የደም ናሙና ነው፤ ይህም ማለት ተጠባባቂው በምርመራው ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው ማለት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በተለይ በአሜሪካ በተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ላሉ ወይም ሊመዘገቡ ለተቃረቡ አማርኛ ተናጋሪዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። የሐኪምን ምክር አይተካም፤ ሐኪሙ ለምን እንደሚጠይቅና መልሱ ምን እንደሚለውጥ ግን ያስረዳል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የደም ዓይነት

የመጀመሪያው ወንፊት የደም ዓይነት ነው። የኤ እና የቢ ምልክቶች በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ብቻ ሳይሆን በደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ላይም ስለሚገኙ፣ ተቀባዩ የሌለውን ምልክት የተሸከመ ልብ ቢተከልለት በደሙ ውስጥ አስቀድሞ ያለው አንቲቦዲ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ የልቡን ደም ሥሮች ሊዘጋቸው ይችላል። አንቲቦዲ ሰውነት ባዕድ ነው ብሎ የለየውን ነገር ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ደንቡ ደም ከመስጠትና ከመቀበል ጋር ይመሳሰላል፦ ኦ የሆነ ሰው ከኦ ብቻ ይቀበላል፤ ኤ ከኤ እና ከኦ፤ ቢ ከቢ እና ከኦ፤ ኤቢ ደግሞ ከሁሉም መቀበል ይችላል። ኦ የሆኑ ተጠባባቂዎች ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ የሚጠብቁት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው የሚጨነቅበት «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጌቲቭ» የሚባለው ክፍል ግን የልብ ለጋሽን ለመምረጥ አያገለግልም።

ሆስፒታሉ የደም ዓይነትዎን በሁለት የተለያዩ ጊዜያት በተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ሲያረጋግጥ ደክሞት ወይም ረስቶት የደገመው አይምሰልዎ። በ2003 በሰሜን ካሮላይና የደም ዓይነቷ ኦ ለሆነ የ17 ዓመት ልጅ የኤ ለጋሽ ልብና ሳንባ በስሕተት ተተክሎላት፣ ከቀናት በኋላ ሌላ ልብና ሳንባ ቢተካላትም ሕይወቷ ሊተርፍ አልቻለም። ድርብ ማረጋገጫው እንዲጠብቅ ያደረገው እንዲህ ያለው ሐዘን ነው።

ለእኛ ማኅበረሰብ እዚህ ላይ አንድ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከሰነድ ሰነድ ይለያያል፤ የአያት ስም በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይቀራል፤ የትውልድ ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ አንዳንዴ ተሳስቶ ይመዘገባል። ላቦራቶሪ ደግሞ የናሙናው ጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር በትክክል ካልገጠመ ናሙናውን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት በመታወቂያዎ፣ በመድን ካርድዎና በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ስምዎና የትውልድ ቀንዎ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ደም በተወሰደ ቁጥርም በብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ራስዎ ያንብቡ።

በሕፃናት ላይ ደንቡ ይላላል። ሕፃን እንደተወለደ የኤ ወይም የቢ ተቃራኒ አንቲቦዲ ገና ስላልሠራ፣ በ2001 ከቶሮንቶ የቀረበ ጥናት 10 ሕፃናት የደም ዓይነታቸው የማይገጥም ልብ ተቀብለው መኖር እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ዛሬ ይህ በብዙ የሕፃናት ማዕከላት የታወቀ አሠራር ነው። ልጅዎ ሕፃን ከሆነ ይህን ዕድል ይጠይቁ።

የልቡ መጠንም ይታያል። ማዕከሉ የለጋሹንና የተቀባዩን ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜና ጾታ አመዛዝኖ የሚወስነው ስለሆነ ከሕመምተኛው የሚጠበቀው ክብደቱ በጣም ሲለዋወጥ ማሳወቅ ነው።

ኤችኤልኤ የሚባለው ምልክት

በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋሳችን ላይ ማለት ይቻላል፣ «ይህ የራሴ ነው» ለማለት የሚያገለግሉ ፕሮቲኖች አሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ዶሴ የመጀመሪያውን በ1958 ለየ፤ በ1980 የኖቤል ሽልማት የተካፈለውም በዚህ ሥራ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ኤችኤልኤ ይባላሉ፤ የሚያዝዟቸው ጂኖች በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ተጠጋግተው ስለሚገኙ ከአባት አንድ ስብስብ፣ ከእናት አንድ ስብስብ እንዳለ እንወርሳለን። በውጤት ወረቀት ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲአር፣ ዲኪው፣ ዲፒ ከሚሉ ፊደላት ጋር የሚታዩት ቁጥሮች የእነዚህ ምልክቶች መጠሪያ ናቸው። እዚህ ላይ ያሉት ኤ እና ቢ ከደም ዓይነት ኤ እና ቢ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም፤ የፊደሉ መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታልና ወረቀቱን ሲያነቡ ይጠንቀቁ።

የምልክቶቹ ዓይነት እጅግ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ሁለት ባዕድ ሰዎች በሁሉም ሊገጥሙ የሚችሉት በጣም አልፎ አልፎ ነው። በመሆኑም የልብ ተቀባዮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በብዙ ምልክቶች የማይመሳሰላቸውን ልብ ተቀብለው፣ አለመመሳሰሉን በመድኃኒት እያስታገሡ ይኖራሉ። «ኢትዮጵያዊ ለጋሽ እስኪገኝ መጠበቅ አለብን ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል፤ አያስፈልግም። የለጋሹ ዘር ወይም የቆዳ ቀለም መስፈርት አይደለም፤ ወሳኙ የተቀባዩ ደም በዚያ ልብ ላይ ባሉት ምልክቶች ላይ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ያለው መሆኑና አለመሆኑ ነው።

ታሪክዎን ሳይደብቁ ይንገሩ

በኤችኤልኤ ላይ የሚነሣ አንቲቦዲ እንደ ደም ዓይነቱ አብሮን የተወለደ ወይም በሕፃንነት በራሱ የሚመጣ አይደለም። ሰውነት ከሌላ ሰው ሕዋስ ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ነው፤ የሚገናኝበትም መንገድ በዋናነት ሦስት ነው፦ እርግዝና፣ ደም መቀበልና ከዚህ ቀደም የተደረገ ንቅለ ተከላ። በእርግዝና ጊዜ የእናቲቱ ሰውነት ፅንሱ ከአባቱ የወረሰውን ምልክት ያገኘዋል። ስለሆነም ብዙ ጊዜ ያረገዘች ሴት አንቲቦዲ የመያዟ ዕድል ከፍ ይላል፤ እርግዝናው በውርጃ ቢያበቃም እንኳ ይቆጠራል።

በእኔ እምነት ከዝግጅቱ ሁሉ ከባዱ እዚህ ላይ ያለው ነው። ባል ወይም አማች በተቀመጡበት፣ ልጇ እያስተረጎመላት፣ አንዲት እናት ስለ ድሮ ውርጃዋ «አዎን» ብላ እንድትመልስ መጠበቅ የማይገባ ነገር ነው። ሆኖም ያ ያልተነገረው መልስ ሐኪሙ የደም ምርመራውን ውጤት በሚገባ እንዳይተረጉመው ሊያደርግ ይችላል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሕመምተኛው ያለ ክፍያ በሙያው የሠለጠነ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ አስተርጓሚውም ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አስታማሚ የሆኑ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ ከክፍሉ ይውጡ፤ ሕመምተኛዋም ብቻዋን መነጋገር እንደምትፈልግ ለነርሷ አስቀድማ ብትናገር ነውር የለበትም።

ደም መቀበልም እንዲሁ ነው። በወሊድ ጊዜ፣ በመኪና አደጋ፣ በወባ ወይም በሌላ ሕመም ደም ማነስ ምክንያት በአገር ቤት ደም ተሰጥቶዎት ከነበረ፣ ዓመቱን በትክክል ባያስታውሱትም ይንገሩ። በልጅነታቸው የሩማቲክ ሕመም የልብ ቫልቫቸውን ጎድቶት በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች የዚያን ጊዜ ሰነድ ቢያፈላልጉ ጥሩ ነው። ከብረት የተሠራ ቫልቭ በራሱ ኤችኤልኤ የለውም፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተሰጠ ደም ግን አንቲቦዲ አስነሥቶ ሊሆን ይችላል። ከሰው አስከሬን የተወሰደ ቫልቭ ወይም መጣፊያ ከሆነ ደግሞ ራሱ ህብረ ሕዋሱ ምክንያት ይሆናል። በመጠባበቂያ ጊዜ የሚገጠመው የልብ አጋዥ ፓምፕም በአንዳንድ ሰዎች ላይ አንቲቦዲ እንዲጨምር ያደርጋል፤ ይህ ግን ፓምፑን ላለማስገጠም ምክንያት አይሆንም፤ ቀድሞ የሚመጣው በሕይወት መቆየት ነውና።

ዘመድ ሲታመም «የኔን ደም ውሰዱለት» ማለት ባህላችን ነው፤ ደግ ባህልም ነው። ለልብ ተጠባባቂ ግን ከዘመድም የተገኘ ቢሆን የማያስፈልግ ደም መስጠት አይመከርም። ነጭ የደም ሕዋሱ የተጣራለት ደም አደጋውን ይቀንሰዋል፣ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ሕይወት ለማትረፍ አስፈላጊ ሲሆን ደግሞ ደሙን እምቢ ማለት አይገባም፤ በማግስቱ ለንቅለ ተከላ አስተባባሪዋ መደወል ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት 2 ሳምንታት ገደማ አዲስ ናሙና ይወሰዳል። ከባድ ኢንፌክሽን ሲይዝዎና ክትባት ሲወስዱም እንዲሁ ያሳውቁ፤ ሁለቱም የአንቲቦዲውን መጠን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ይህ ሲባል ክትባት ይቅር ማለት አይደለም።

የውጤቱን ወረቀት ማንበብ

ላቦራቶሪው የተጠባባቂውን ደም የኤችኤልኤ ምልክቶች ከተለጠፉባቸው እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጋር ያገናኘዋል፤ አንቲቦዲ ካለ በተገቢው ቅንጣት ላይ ይጣበቅና በብርሃን ይለካል። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው የማዕከሉ ሐኪሞች «ይህ ምልክት ያለበትን ልብ አንቀበልም» ብለው የሚመዘግቡት ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ሲፒአርኤ የሚባለው በመቶኛ የሚነገር ቁጥር ሲሆን፣ ከለጋሾች መካከል ስንቱ በዚያ ዝርዝር ምክንያት እንደማይስማሙ ያሳያል።

ሲፒአርኤ 0 ማለት በዚህ ረገድ የሚያግድ ነገር የለም ማለት ነው። 80 ማለት ከ100 ለጋሾች 80ው ገና ከመነሻው ይወጣሉ፣ የቀሩት 20ም በደም ዓይነትና በመጠን እንደገና ይጣራሉ ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ልብ አይገኝም ማለት ባይሆንም ጥበቃው ሊረዝም እንደሚችል ይናገራል፤ ቤተሰቡም የሥራና የቤት ዕቅዱን በዚያው ልክ ማውጣት አለበት። ከሐኪምዎ ጋር ሲገናኙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ቁጥሬ ስንት ነው? ባለፈው ከተለካው ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? ዝርዝሩ ላይ ያሉት ምልክቶች ሁሉ በእርግጥ አደገኛ ናቸው ወይስ ደካማ ስለሆኑ ሊታለፉ የሚችሉ አሉ? ሦስተኛው ጥያቄ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ስንት ሲደርስ አንቲቦዲው «ጠንካራ» እንደሚባል የሚወስነው ማዕከሉ ነው፤ ከማዕከል ማዕከልም ይለያያል። አንቲቦዲው ብዙ ለሆነባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ያለውን አንቲቦዲ በማሽን አጥቦ ማውጣት፣ ከብዙ ለጋሾች የተሰበሰበ አንቲቦዲ በደም ሥር መስጠት፣ እንዲሁም አንቲቦዲ የሚሠሩትን ሕዋሳት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ይሞከራሉ። ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል፤ ስለዚህ ከመስማማትዎ በፊት ጥቅሙና ጉዳቱ በሚገባ ይተርጎምልዎ።

ልብ ተገኘ ሲባል

ለጋሽ ሲገኝ የእርሱ ኤችኤልኤ ገና ልቡ ሳይወጣ ይመረመራል። ከዚያ ላቦራቶሪው የለጋሹን ምልክቶች ከተጠባባቂው የአንቲቦዲ ዝርዝር ጋር በኮምፒዩተር ያስተያያል፤ ይህ በወረቀት ላይ የሚደረግ ክሮስማች ነው። እውነተኛው ክሮስማች የለጋሹን ነጭ የደም ሕዋስ ከተቀባዩ የደም ውሃ ጋር ቀላቅሎ ማየት ሲሆን፣ ጊዜ ሲኖር አስቀድሞ፣ ከሌለም ንቅለ ተከላው እየተካሄደ ይሠራል። የክሮስማችን ዋጋ በማያሻማ ሁኔታ ያሳየው ፓቴልና ተራሳኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1969 ያወጡት የኩላሊት ጥናት ነው፤ ክሮስማቹ ተቃውሞ እያሳየ ከተተከሉት 30 ኩላሊቶች 24ቱ ወዲያውኑ ሲበላሹ፣ ተቃውሞ ሳይታይ ከተተከሉት 195 ግን የተበላሹት 8 ብቻ ነበሩ። ኩላሊት ሲበላሽ ወደ ዲያሊሲስ መመለስ ይቻላል። ልብ ሲበላሽ መመለሻ ስለሌለ፣ ሐኪሞች በዚህ ላይ እጅግ ይጠነቀቃሉ።

በኮምፒዩተር የሚደረገው ማስተያየት እውነት የሚሆነው በላቦራቶሪው ያለው የእርስዎ ናሙና የቅርብ ጊዜ ከሆነ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ደም ተሰጥቶዎት ሳይናገሩ ቢቀሩ ኮምፒዩተሩ የሚያየው የድሮውን ሰውነትዎን ነው። ስለሆነም በቀጠሮው ቀን ናሙና መስጠት ከሁሉ የሚቀድም ግዴታ ነው፤ ወደ ሌላ ከተማ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ቢሄዱም የትና መቼ እንደሚሰጡ ከአስተባባሪዋ ጋር ይስማሙ። ስልክም ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይሁን፤ ከማያውቁት ቁጥር ቢደወልም ይነሣ። ተጠርተው ከገቡ በኋላ «አልሆነም» ተብለው ወደ ቤት ቢመለሱ ልብ ይሰብራል። ግን ብዙ ጊዜ ያ የሚሆነው አንዱ ወንፊት ሥራውን ስለሠራ ነው።

ከተከላው በኋላ

ኬፕ ታውን በሚገኘው ግሩት ስኩር ሆስፒታል ክርስቲያን ባርናርድ ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ሲያካሂድ፣ ሕመምተኛው ሉዊስ ዋሽካንስኪ 18 ቀን ኖሮ በሳንባ ምች ሞተ፤ አዲሱን ልብ ሰውነቱ እንዳይዋጋው የተሰጠው መድኃኒት ኢንፌክሽን መከላከል አሳጥቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት በ1983 በአሜሪካ ተፈቅዶ፣ ኋላም ታክሮሊመስ ተጨምሮ ሚዛኑ በእጅጉ ተሻሽሏል፤ ችግሩ ግን ዛሬም ያው ነው፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ኢንፌክሽን፣ ሲያንስ የልቡ መጠቃት። ከተከላው በፊት አንቲቦዲ ያልነበረው ሰው መድኃኒቱን ሲያቆራርጥ በአዲሱ ልብ ላይ አዲስ አንቲቦዲ ሊያነሣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ተስማሚ የነበረው ልብ የማይስማማ ይሆናል።

ስለዚህ ሰዓቱን መጠበቅ የተስማሚነቱ ቀጣይ ክፍል ነው። ታክሮሊመስ በቀን 2 ጊዜ በ12 ሰዓት ልዩነት ሲታዘዝ፣ በጠርሙሱ ላይ 8 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው። በአገር ቤት ሰዓት የሚቆጥሩ አዛውንት 8 የሚለውን ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት አድርገው እንዳይረዱት በግድግዳ ላይ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍላቸው። የመድኃኒቱ መጠን በደም በሚለካበት ጠዋት ደግሞ ክኒኑ የሚወሰደው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ክኒኑን ማዘግየት አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ለሕመምተኛ ጾምን ያቀላሉና ነፍስ አባትን ወይም ሼኹን አስቀድሞ ማማከር ይቻላል። ጠበል የሚጠጡም ክኒኑን ሳያቋርጡ ይሁን። ግሬፕፍሩት የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው ይቅር፤ ጤና አዳም፣ ጥቁር አዝሙድና ሌላም የአገር ቤት መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊት ለፋርማሲስቱ ያሳዩ።

ልቡ እየተጠቃ መሆኑ ሕመም ሳይሰማ ሊጀምር ስለሚችል በመጀመሪያው ዓመት ባዮፕሲ በተደጋጋሚ ይሠራል። በአብዛኛው በአንገት ደም ሥር ቀጭን መሣሪያ ወደ ልቡ ቀኝ ክፍል ይገባና ጥቃቅን ናሙናዎች ይወሰዳሉ። በውጤቱ 0አር ማለት የነጭ የደም ሕዋስ ጥቃት አልታየም፣ 1አር ቀላል፣ 2አር መካከለኛ፣ 3አር ከባድ ማለት ነው፤ በአንቲቦዲ የሚመጣው ጥቃት ደግሞ በሌላ መለኪያ ለብቻው ይጻፋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ይጠይቁ። አንድ ጊዜ 1አር መውጣቱ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተለየ ሕክምናም አያስፈልገውም። የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ፣ በጥቂት ቀናት የክብደት መጨመር ወይም የልብ ምት መዛባት ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይደውሉ፤ ሲደውሉም የመጨረሻውን ክኒን የወሰዱበትን ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር ይንገሩ።